የእንቅልፍ ሹሙ አቶ ደግሰው

በዚህ አገር ከሥልጠና እንደተመለሰ ሰው የሚያስቸግር ፍጡር የለም። አንበጣ እንኳ በልቶ ይሄዳል። ከሥልጠና የተመለሰ ሰው ግን አይሄድም። ቆብ ደፍቶ፣ የሥልጠናው ስም የታተመበትን ቦርሳ አንግቶ ቢሮ ይገባና፣ ትናንት አብሮን ሻይ ሲጠጣ እንዳልነበረ ሁሉ «ለመሆኑ እናንተ ይህን ሥራ በምን አግባብ ነው የምትሠሩት?» ይላል። እርስዎም ያውቁታል። ስለ እጅ መታጠብ የሠለጠነው ጎረቤትዎ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሰው ጥፍር ሲመረምር አይተዋል። ስለ ንብ እርባታ የሠለጠነው አማችዎ አንድ ጉርሻ ማር በሰላም አላስበላ ብሎዎታል። ሥልጠናው ያልቃል፣ ቆቡም ይነትባል፣ ሰውየው ግን አይበርድለትም።

የእኛው አቶ ደግሰው ይባላሉ።

እኛ ሰቆጣ ዳር ባለች አንዲት ሞተር ቤት ውኃ ከጉድጓድ እየሳብን ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር የምንገፋ ኦፕሬተሮች ነን። ሥራው ለተመልካች ቀላል ነው። ሞተሩን ታስነሣለህ፣ የውኃውን ልክ የሚያሳየውን ጌጅ ታያለህ፣ ታንከሩ ሲሞላ ታጠፋለህ። ችግሩ ጌጁን እያየህ እንቅልፍ ይዞህ ከሄደ ነው። ታንከሩ ሞልቶ ቢፈስ በስድብ ይታለፍ ይሆናል። የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ ሞተሩ በደረቁ ቢዞር ግን ይቃጠላል፤ ሞተር ተቃጠለ ማለት ደግሞ የከተማው እናቶች ጀሪካን ይዘው ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተቱ ይከርማሉ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት እንቅልፍ ቀልድ አይደለም።

ክቡርነታቸው የፈረቃ ኃላፊያችን ናቸው። ደሴ ለሥልጠና ሲጠሩ ሁላችንም ስለ ሞተር ጥገና መስሎን ደስ ብሎን ሸኘናቸው። ሲመለሱ ስለ ሞተሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የሠለጠኑት ስለ እኛ ኖሯል።

«የሰው ልጅ በውስጡ ሰዓት አለው» አሉ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ቆባቸውን እንደ ደፉ። «ይህ ሰዓት ማታ ያስተኛዋል፣ ጧት ያስነሣዋል። የፈረቃ ፕሮግራም ከዚህ ሰዓት ጋር ካልተስማማ ሰውየው ይታመማል፣ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ትዳሩ ይፈርሳል።»

«ሰው ማታ እንደሚተኛ ለማወቅ ነው ደሴ ድረስ የተኬደው?» አልኩ።

አቶ ደግሰው ከልባቸው አዘኑልኝ። «ብዙነህ፣ ሰውነት አይዋሽም» አሉ።

ይህችን ቃል ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማናት። ከዚያ ወዲህ ሳንሰማት የዋልንበት ቀን የለም። ከመካከላችን ትንሿ ይታየሽ ብታዛጋ፣ «ሰውነት አይዋሽም!» ሽማግሌው አያ ካሤ ቁርጥማታቸው ተነሥቶ ወገባቸውን ቢይዙ፣ «ሰውነት አይዋሽም!» የእኔ ሆድ በጾም ቀን ቢጮህ፣ ጣታቸውን ወደ ሆዴ ቀስረው፣ «ሰማህ? አይዋሽም!»

እስከዚያን ጊዜ ድረስ ፈረቃችን የሚሠራው በታቦት ነበር። ለይስሙላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፕሮግራም አለ፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም። የእኔ ማኅበር በሚካኤል ነው። ይታየሽ ቤት በማርያም ይዘከራል። የአያ ካሤ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። «ሚካኤልን ይያዙልኝ፣ ጊዮርጊስን እይዝልዎታለሁ» እየተባባልን ስንለዋወጥ ዓመቱ ይዞራል። ማን ሌሊት እንደሠራ፣ ማን ቀን እንደሠራ የሚቆጥር አልነበረም። እንዲያው በልውውጡ መሐል ሌሊቱ አያ ካሤ ዘንድ ሳይደርስ ወደ ጎን ይዞር እንደነበር እንኳ ልብ ያልነው ኋላ ነው።

አቶ ደግሰው ይህን በአንድ ቃል ሻሩት። «መለዋወጥ ክልክል ነው። ሰውነት ይደናገራል።»

«ሚካኤልስ?» አልኩ።

«ሚካኤል የሰውነት ሰዓት የለውም!» አሉ። ካሉት በኋላ ራሳቸውም ደንግጠው አማተቡ።

ቀጥሎ ምርመራው መጣ። ሥልጠናው ላይ ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል ተብለዋል፤ ማለዳ የሚነቃና ማታ የሚነቃ። ፈረንጆቹ በወፍ ስም ነው አሉ የሚጠሯቸው። አቶ ደግሰው አገርኛ ላድርገው ብለው በገዛ ሥልጣናቸው ማለደኛውን «ዶሮ»፣ አምሺውን «ጅብ» አሉት። ከዚያም አንድ በአንድ እየጠሩ «ማታ እንቅልፍ የሚያሸንፍህ በስንት ሰዓት ነው?» ይሉ ጀመር።

ይህ ጥያቄ ደሴ ይጠየቅ እንደሆነ አላውቅም። ዋግ ውስጥ ግን አይጠየቅም። በእኛ ዘንድ «ትተኛለህ ወይ?» ማለት «ሰነፍ ነህ ወይ?» ማለት ነው። ሲያንኮራፋ የቀሰቀስከው ሰው እንኳ ዓይኑን ሳይገልጥ «አልተኛሁም» ይልሃል። እናም ሁላችንም ክብራችንን ይዘን ገባን፣ ክብራችንን ይዘን ወጣን። እኔ በዶሮ ጩኸት እንደምነሣ፣ እንቅልፍም እምብዛም እንደማይዳፈረኝ አስረዳሁ። አያ ካሤማ ተቆጡ።

«እንቅልፍ? እኔ እንቅልፍ መች አውቅና ነው? ከጎልማስነቴ ጀምሮ ሌሊቱን እንደ ዘብ ነው ቁጭ ብየ የማድር!»

አቶ ደግሰው ደስ እያላቸው ጻፉ። እንደዚህ ያለ ሰውነት ደሴም አልታየ።

እውነቱን የተናገረች ይታየሽ ብቻ ናት። «ነፍሴ የምትመለስ ማታ ነው። ጧት ጧት ሰው አይደለሁም» አለች፣ የዋህ ናትና። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ ከስሟ ጎን በትልልቁ «ጅብ» ተብሎ ተጽፎ ዋለ።

እናቷ ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጡ። በእኛ አገር ጅብ እንዲሁ አውሬ ብቻ አይደለም። ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ የሚታማ ሰው አለ፣ እንዲህ የታማ ቤት ደግሞ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። እናትየዋ በሩ ላይ ቆሙና ነጠላቸውን አጠበቁ።

«ልጄን ጅብ ያላት ማነው?»

«እናቴ፣ ሳይንስ ነው» አሉ አቶ ደግሰው።

«ሳይንስም ይበለው ሌላ፣ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር! ነገ ማን ሊያገባት ነው?»

«እሷን አይደለም እኮ፣ ሰውነቷን ነው…»

«ሰውነቷን! አንተ ሰውነቷን የት አየኸውና!»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባልጽፈው ይሻላል። አቶ ደግሰው «ጅብ»ን ሠርዘው «የሌሊት ወፍ» ብለው ሞከሩ፣ እናትየዋ ጭራሽ ድንጋይ ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። በመጨረሻ «ቀደም» እና «ዘግየት» በሚል ስምምነት ተደረሰ። እናትየዋ ተሠርዞ እስኪጻፍ ቆመው አይተው፣ ሁለት ጊዜ አስነብበው ሄዱ።

እኔም ጊዜዬ ደረሰ። በአዲሱ ፕሮግራም ሌሊት ሠርቼ ስወጣ ትእዛዝ ተሰጠኝ። «ቀን ስትተኛ ክፍሉ ይጨልም። መስኮትህን በጥቁር ጨርቅ ሸፍን። ስልክህን አጥፋ። ማንም አያናግርህ።» ታዘዝኩ። የሚስቴን ጥቁር ነጠላ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ፣ በሩን ዘግቼ ጋደም አልኩ።

ጎረቤቴ እትዬ የትናየት በደጅ ሲያልፉ ጥቁር አዩ። ደወሉ፣ ስልኬ ዝግ ነው። በሩን ገፉ፣ ዝግ ነው፤ ሰው ጠርተው አስከፈቱት። ረፋዱ ላይ ሰፈሩ በሙሉ አልጋዬን ከቦ ተቀምጦ ነበር። አንዷ እንቁላል፣ አንዷ በሶ፣ አንዱ ጠበል ይዞ መጥቷል።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉ እትዬ የትናየት።

«ምንም። እንቅልፍ ነው።»

«በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ! እንቅልፍ ብቻውን አይመጣም፣ ይኸ የሆነ ነገር ነው» አሉና ጠበሉን ፊቴ ላይ ረጩት።

በሽተኛ ብቻውን አይተውምና ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ስለ በሽታዬ እኔው ፊት ተከራከሩ። ከመካከላቸው አንዱ እንደዚሁ እንደ እኔ ጀምሮት የሞተ ዘመድ ነበረው፣ ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ነገረን። ዓይኔን ሳልከድን ዋልኩ፣ ማታም በሶዬን ተሸክሜ ወደ ሥራ ገባሁ። ለአቶ ደግሰው በቁጣ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ጎረቤቶችህ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» አሉ።

ይህ ሁሉ በሳቅ ባለፈ ነበር፣ የአያ ካሤ ጉዳይ ባይመጣ።

«እንቅልፍ አላውቅም» ያሉትን አምነው፣ የይታየሽንም እናት ፈርተው፣ አቶ ደግሰው የሌሊቱን አብዛኛውን ለሳቸው አሸከሟቸው። አያ ካሤ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞተሩ አጠገብ አንቀላፍተው ተገኝተው የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ «ከተደገመ ስንብት ነው» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። በእሳቸው ደመወዝ ትምህርት ቤት የሚሄዱ የልጅ ልጆች አሏቸው። ከገንዘቡም በላይ ደግሞ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያገለግሉ ኖረው መጨረሻ ላይ በእንቅልፋምነት ተባረሩ መባል አለ። ሌሊቱን እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። እምቢ ለማለት ግን «እተኛለሁ» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ።

ፍልሰታ ገብቶ፣ ከተማው ለሻደይ እየተሰናዳ ነበር። ከኒሯቅ ሳይቀር እንግዳ መግባት ጀምሯል፣ ውኃ የሚፈልገው ሰው በዝቷል። አንድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች የኮረብታው መንገድ ጎርፍ ሆኖ አገኙት። ሌሊቱን ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ቀና ብለው ቢያዩ ታንከሩ ሞልቶ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። ሞተር ቤት ሲደርሱ ሞተሩ ይጮሃል፣ አያ ካሤ ግድግዳውን ተደግፈው ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። የጉድጓዱ ውኃ አለማለቁ የእግዜር ሥራ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰበሰበ።

«አያ ካሤ፣ ተኝተው ነበር?»

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ ሲፈስ?»

«ዓይኔን አሳርፌ ነው እንጂ አልተኛሁም» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

የሳቀ የለም። እኔ አቶ ደግሰውን ነው የማያቸው፣ በንዴት። ቆባቸውንም፣ ቦርሳቸውንም፣ ደሴንም ጭምር ረግሜያለሁ። አያ ካሤ ከታቦቱ ልውውጥ ሳይወጡ በሰላም ጡረታ የሚወጡ ሽማግሌ ነበሩ።

አቶ ደግሰው ተነሡ። ቆባቸውን አወለቁ፤ ከሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ ጠጉራቸውን ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሌሊቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሰውነት አይዋሽም እያልኩ የጠየቅሁት አፍን ነው። አፍ ደግሞ ይዋሻል። እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ዋሽቶኛል፣ ከይታየሽ በቀር።»

እኔ ጣራውን አየሁ።

«ጥፋቱ የምደባው ከሆነማ ቀላል ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያሸንፋቸው እዚሁ ይናገሩና ቀን እናድርጋቸው። የነቃ ሰው ነው ያፈሰሰው ከተባለ ግን ቸልተኝነት ነው፣ የስንብቱ ደብዳቤ ይጻፋል።»

ሁላችንም ወደ አያ ካሤ ዞርን። አንዲት ቃል ነበረች የምታድናቸው፣ እሷን ከሚሉ ግን ደብዳቤውን ሊቀበሉ እንደ ቆረጡ ከአንገታቸው አቀማመጥ ይታወቃል። ልጆቻቸው ከምንሆን ሰዎች ፊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እንዴት አድርገው ይበሉት? እኔ ራሴ አልለውም።

አቶ ደግሰው ወንበራቸውን ጎትተው ከፊታቸው ተቀመጡ።

«አያ ካሤ፣ ይተዉት ይኸን። ሌላ ነገር ልጠይቅዎት። ኪዳን ያመልጥዎታል?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ኪዳን? እኔን? ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁሜ የምጠብቅ እኔ! ዲያቆኑን የምቀሰቅስ እኔ! ይኸ የናንተ ሌሊት እስኪያስቀረኝ ድረስ አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም!»

«ከኪዳን መልስስ እንዴት ነዎት?»

«እንደ ወይፈን ነኛ!»

«ማታስ፣ ራት በልተው ሲያበቁ?»

«ለኪዳን የሚነሣ ሰው ምን ቁርጥ አርጎት ያመሻል? ገና ሲመሽ ነው የምተኛ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ቃሏ ወጥታለች፤ አያ ካሤ ግን የወጣችው ከእሳቸው አፍ መሆኑን አላወቁም፤ እንዲያውም ገና በኩራት ዙሪያቸውን ያዩ ነበር።

«ሰምተዋል» አሉ አቶ ደግሰው ለሥራ አስኪያጁ። «የጧቱ ፈረቃ የአያ ካሤ ነው። ቅያሪውንም ወደ ኪዳን መልስ እንገፋዋለን። የጧቱን ፈረቃ በጣም ማልዳችሁ አታስጀምሩ ብለውናል ደሴም።»

«ሌሊቱንስ ማን ይያዘው?»

እዚህ ላይ የሁላችንም ዓይን ወለሉ ላይ ተተከለ። ሁላችንም በዶሮ ጩኸት የምንነሣ ሰዎች ነንና።

ይታየሽ እጇን አወጣች። «እኔ ጅብ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ እንጂ ጅብ ነኝ። ዘበኛው ከነቤተሰቡ ግቢው ውስጥ ነው፣ አልፈራም። ሌሊቱን ስጡኝ። ሻደይን ግን ከጓደኞቼ ጋር ልጫወት።»

መጀመሪያ የሳቁት አያ ካሤ ናቸው። ሥራ አስኪያጁም ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ።

ይህ ድል አቶ ደግሰውን አበላሻቸው። የታቦቱን ልውውጥ መልሰው ፈቀዱልን፣ ግን «ታቦቱም ሰውነት ውስጥ ገብቷል» የሚል ትምህርት አስከትለው ነው። ፀጉር አስተካካዩን የቀትር ምላጭ አደገኛ ነው ብለው አስፈራሩት። ዕድር ላይ ተነሥተው ስብሰባው ሰው በሚያንቀላፋበት ሰዓት ለምን ይደረጋል ብለው ጠየቁ፣ ዕድሩም ያንቀላፋ ሰው የለም ብሎ ተቆጣ። እኔን ባገኙኝ ቁጥር የጧት ፊቴን አይተው «ዘግየት ነህ፣ ለምን አታምንም?» ይላሉ። መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ።

የሻደይ ዕለት ይታየሽ በቄጠማዋ ወገቧን አስራ ከልጃገረዶቹ ጋር ወጣች። ሌሊቷን የያዙላት አቶ ደግሰው ናቸው። አያ ካሤ ቤተ ክርስቲያን አንግተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ጾም ይፍቱ ብለው የጧቱንም አቶ ደግሰው ደረቡት። ማንም ሰው ሁለት ፈረቃ በተከታታይ አይሠራ ብለው ግድግዳው ላይ የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እኔ የከሰዓቱ ተረኛ ነኝ። ሚስቴ «ሰውየው ሳይፈታ ዋለ እኮ» ብላ ዶሮ ወጥ በሳህን ቋጥራ ስለሰጠችኝ ከሰዓቴ ቀደም ብዬ ደረስኩ። የልጃገረዶቹ ከበሮ እስከዚያ ድረስ ይሰማል። ሞተሩ ይሠራል። አቶ ደግሰው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ቆባቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል፤ አፋቸው ተከፍቷል። የሚያንኮራፉት ከሞተሩ ጋር እየተቀባበሉ ነው።

የጌጁ ቀስት ሙሉው ላይ ሊደርስ ተቃርቧል።

ስንት ጊዜ ለዚህች ደቂቃ ተሳልኩ! ጥቁሩ መስኮት ትዝ አለኝ፣ ጠበሉም፣ በሶውም። ጆሯቸው ሥር ሄጄ «ሰውነት አይዋሽም!» ብዬ ብጮህ ማን ይፈርድብኝ ነበር? ሳህኑን አስቀመጥኩ። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ጌጁን እጠብቅ ጀመር። ወደ ከበሮው መሄድ የሚችሉ ሰው ሌላው እንዲሄድ እዚህ ተጎልተው አደሩ፣ ዋሉም። እኒህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ እንዲህ ብዬ ስጽፈው ራሴንም ያናድደኛል።

ቀስቱ ሙሉው ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ጸጥታው ቀሰቀሳቸው። ከወንበራቸው ብድግ ብለው ቆባቸውን በግራ እጃቸው ይፈልጋሉ።

«አልተኛሁም!» አሉ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ዓይኔን አሳርፌ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔም ገና አሁን መግባቴ ነው» አልኩና ዶሮ ወጡን ፈታሁላቸው።